«መጠጥ ይችላል» የሚባለው ሰው

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሰርግ ላይ ይሁን ጠጅ ቤት፣ ሌላው ሲንገዳገድ እሱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ስምንተኛዋን ብርሌ ጨርሶ ሂሳቡን ሳይሳሳት ይከፍላል። የሰከረውን ጓደኛውን ደግፎ ቤቱ አድርሶ ይመለሳል። «እሱማ መጠጥ ይችላል» ይባልለታል። የሚባለውም በአድናቆት ነው።

እኛ ቤት ይሄ ሰው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ጋሼ እንለዋለን። ልጅ ሆኜ ስለ ጋሼ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ሙያው ወይም ደግነቱ አልነበረም። በአንድ የጥምቀት ማግስት ስንት መለኪያ አረቄ «እንደቻለ» ነበር። ከሱ አጠገብ ደግሞ ሁሌ የሚሳቅበት አባቴ ነበር። አባቴ ግማሽ ብርጭቆ ጠላ ሲቀምስ ፊቱ ይግላል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል። «በሞቴ አንዷን ብቻ» ሲሉት ያችኑ ብርጭቆ ይዞ ያመሻል።

እኔ በማን እንደወጣሁ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። በጋሼ። ያኔ በጣም ኮርቼ ነበር።

ስለ ዘረመልና ስለ መጠጥ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ኩራቱ ቀረ። ሳይንሱ ብዙ ነገር ይላል፣ ብዙውም ገና አልጠራም። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ይመጣል። ለሱስ ይበልጥ የተጋለጠው ቶሎ የሚሰክረው ሰው ሳይሆን የሚችለው ነው። ለምን? ከጉበት እንጀምር።

ጫኝና አውራጅ

ጠላም ሆነ ጠጅ፣ ቢራም ሆነ ካቲካላ፣ ውስጡ ያለው አልኮል አንድ ነው። ኤታኖል ይባላል። የሚለየው መጠኑ ነው። ሰውነት ስብና ስኳርን ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጣል፤ ኤታኖልን ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ሰባብሮ ያስወግደዋል። ስራው በአብዛኛው የጉበት ነው፤ በሁለት ደረጃም ይካሄዳል።

መጀመሪያ አንድ ኢንዛይም፣ የሰውነት ሰራተኛ በሉት፣ ኤታኖሉን ወደ አሴታልዴሃይድ ይቀይረዋል። ይሄ ከአልኮሉ የባሰ መርዝ ነው። ከዚያ ሁለተኛው ኢንዛይም ተረክቦ መርዙን አሴቴት ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። አሴቴት የኮምጣጤ ዘመድ ነው፤ ሰውነት እንደ ነዳጅ አቃጥሎት ነገሩ ያልቃል።

እህል በረንዳን ያየ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። አንዱ ኩንታሉን ከመኪና ያወርዳል፤ ሌላው ተሸክሞ መጋዘን ያስገባል። ሁለቱ ከተመጣጠኑ መንገዱ ክፍት ነው። አውራጁ በጣም ከፈጠነ ወይም አስገቢው ከዘገየ ግን ኩንታሉ በሩ ላይ ይቆለላል። መጠጥ ላይ የሚቆለለው መርዙ ነው። ፊት የሚያግለው፣ ልብ ድው ድው የሚያደርገው፣ የሚያቅለሸልሸው እሱ ነው።

የሁለቱም ሰራተኞች መመሪያ የተጻፈው ዘረመላችን ውስጥ ነው። ለሁላችንም ግን አንድ ዓይነት መመሪያ አልተሰጠንም።

ትልቁ ምሳሌ ያለው ምስራቅ እስያ ነው። በጃፓን፣ በቻይናና በኮሪያ ከሶስት ሰው አንዱ ገደማ፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ፣ የሁለተኛው ሰራተኛ መመሪያ ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ አለበት። ዘረመሉ ኤኤልዲኤች2 ይባላል። ኢንዛይሙ ከአራት ክፍል ተገጣጥሞ ነው የሚሰራው። ከአራቱ አንዱ የተበላሸ ከሆነ ሌሎቹንም ያዳክማቸዋል። ስለዚህ ለውጡን ከአባት ወይም ከእናት ብቻ የወረሰ ሰው እንኳ ኢንዛይሙ ከግማሽ በታች ነው የሚሰራለት። ከሁለቱም የወረሰ ደግሞ ጭራሽ አይሰራለትም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ ይሄን ለውጥ የያዙ ሰዎች 540 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል።

እነዚህ ሰዎች አንድ ብርጭቆ ቢራ ሲጠጡ ፊታቸው እንደ በርበሬ ይቀላል። ከሁለቱም ወላጅ የወረሱት ደግሞ ቢፈልጉም አብዝተው መጠጣት አይሆንላቸውም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኖቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) በጃፓን የአልኮል ሱሰኞች ሲመረመሩ ለውጡ የተገኘባቸው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከሌላው ህዝብ ግን 40 በመቶ ገደማው ነበረው። አንዲት ፊደል እንዲህ ያለ አጥር ስትሆን በህክምና ታሪክ ብዙ አይታይም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ይሄን አጥር በኪኒን የሚሰራ መድሃኒት አለ። ዳይሰልፊራም ይባላል፤ ብዙ ሰው አንታቡዝ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ1940ዎቹ ያገኙት ለሆድ ትላትል ይሆን እንደሆነ ሲሞክሩ ነው፤ የነሱ ኮሶ በሉት። መድሃኒቱን ራሳቸው ላይ ሞክረው ከዚያ ትንሽ መጠጥ ሲቀምሱ ታመሙ። መድሃኒቱ ሁለተኛውን ሰራተኛ ያስቆመዋል፤ ዋጠውት የጠጡ ሰዎች ፊታቸው ይቀላል፣ ያስመልሳቸዋል። ዛሬም ሱስን ለማከም ያገለግላል። ግን በሃኪም ክትትልና በታካሚው ፈቃድ ብቻ ነው። «ያስተወው» ብለው በድብቅ ወጥ ውስጥ ለመጨመር የሚያስቡ ቤተሰቦች አሉ። ይሄ ሰው ሊገድል ይችላል።

የእስያው ለውጥ እኛ ዘንድ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ አባቴ? በምርመራ ያላየሁትን ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ አልምልም። የመጀመሪያውን ሰራተኛ፣ ማለትም አውራጁን የሚያፈጥኑ ለውጦች ግን በሌላ ዓለምም አሉ። አንደኛው በምስራቅ እስያ በብዛት፣ በመካከለኛው ምስራቅና በአይሁዶች ዘንድም በመጠኑ ይገኛል። ሌላው በአፍሪካና የዘር ግንዳቸው ከአፍሪካ በሆነ ሰዎች ላይ ይታያል። በአሜሪካ በጥቁሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይሄን የአፍሪካውን ለውጥ የያዙ ሰዎች ለሱስ የመጋለጥ እድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። አካባቢው ቢለያይም ሚስጥሩ ያው ነው። መጠጥ ቶሎ የሚያስቀይመው ሰው ቶሎ ይተዋል።

ጃፓኖች አጥሩን ሲዘሉት

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ «ሁሉም በዘር ነው» ብለን እንገላገል ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ? ጃፓን ውስጥ የሆነው ግን ይሄን ተረት ያስቸግረዋል።

በ1979 ህክምና ላይ ከነበሩ የጃፓን ሱሰኞች መካከል የአጥሩን ለውጥ ከአንድ ወላጅ የወረሱት 2.5 በመቶ ነበሩ። በ1986 ወደ 8 በመቶ ወጡ። በ1992 13 በመቶ ደረሱ።

በ13 ዓመት የአንድ ህዝብ ዘረመል አይለወጥም። የተለወጠው ኑሮው ነው። ኢኮኖሚው የተመነደገበት ዘመን ነበር። ከስራ በኋላ ከአለቃና ከባልደረባ ጋር አብሮ መጠጣት የስራው አካል የሚመስልበት ጊዜ ነው። አለቃ ሲቀዳ እምቢ አይባልም። የእኛን «በሞቴ» የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት ጃፓን መሄድ አያስፈልገውም። ሰውነታቸው «ተው» እያለ፣ ጠረጴዛው «ጠጣ» አላቸው። ጠረጴዛው አሸነፈ።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ይሄን ለውጥ ይዘው አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች በምግብ ቧንቧ ካንሰር የመያዝ እድላቸው ከሌላው ጠጪ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በሩ ላይ የተቆለለው መርዝ የህዋሳትን ዘረመል ራሱን ይጎዳልና። ስለዚህ ፊቱ እየጋለ የሚጠጣን ሰው «ትለምደዋለህ» ማለት ጥሩ ምክር አይደለም። አባቴን ሲያሾፉበት ከነበሩት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ዝም የሚለው ደወል

አሁን ወደ ጋሼ እንመለስ። የጋሼ ነገር ጉበት ብቻ አይደለም።

ማርክ ሹኪት የሚባል የአእምሮ ሃኪም አለ፤ በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ነው የሚሰራው። በ1978 አንድ ረጅም ጥናት ጀመረ። ሱስ የሌለባቸው ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። ግማሾቹ አባታቸው የአልኮል ሱሰኛ ነው፤ ግማሾቹ አይደለም። ለሁሉም የተለካ አልኮል አጠጣቸው። ከዚያ «ምን ይሰማሃል?» እያለ ጠየቃቸው። ቆመው ምን ያህል እንደሚወዛወዙ በመሳሪያ ለካ።

ደማቸው ውስጥ የገባው አልኮል እኩል ነበር። ምላሻቸው ግን አልተመሳሰለም። አንዳንዶቹ ሞቅ ብሏቸው ይወዛወዛሉ። አንዳንዶቹ ምንም እንዳልጠጡ ናቸው። ከሱሰኛ አባት የተወለዱት ውስጥ እነዚህ ቻዮች በርከት ይላሉ።

አስር ዓመት ገደማ ቆይቶ ፈልጎ አገኛቸው። ከሱሰኛ አባት ከተወለዱትና በሙከራው ቀን መጠጡ እምብዛም ካልተሰማቸው ውስጥ 56 በመቶው ሱሰኛ ሆነዋል። ከዚያው ዓይነት አባት ተወልደው መጠጡ በደንብ ከተሰማቸው ግን 14 በመቶ ብቻ። ውጤቱ በ1994 ታተመ። እኔ ይሄን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ደንግጬ ስልኬን አስቀመጥኩ።

ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። ብዙ ሰው መጠጥ የሚያቆመው ስለ ጤናው አስቦ አይደለም። ራሱ መዞር ስለጀመረ፣ ምላሱ ስለተሳሰረ፣ ነገ ስራ ላይ ሀንጎቨር እንደሚጠብቀው ስለታወቀው ነው። ሰውነት ደወል ይደውላል። የቻዩ ሰው ደወል ዝም ይላል። ሌላው በሁለት ብርሌ የሚደርስበት ሞቅታ ላይ እሱ የሚደርሰው በአምስት ነው። ስለዚህ አምስት ይጠጣል። ከሱ እኩል የሚሄዱ ጓደኞችም ያፈራል፤ በሁለት የሚረታው ቀስ እያለ ከጠረጴዛው ይቀራል። ጉበቱ ግን አምስቱንም ቆጥሯል። ልቡም፣ ጨጓራውም፣ አንጎሉም ቆጥረዋል። ሳይሰክር መጠጣቱ ከጉዳቱ አላዳነውም።

እዚህ ላይ የሚምታታ ነገር አለ። ከተፈጥሮ የመጣ መቻል አንድ ነው፤ በልምድ የመጣ መቻል ሌላ ነው። ማንም ሰው በየቀኑ ከጠጣ አንጎሉ ይለምዳል፣ መጠኑም ይጨምራል። ድሮ በሶስት ቢራ ሞቅ ይልህ ከነበረና አሁን ስድስት የሚያስፈልግህ ከሆነ ጎብዘህ አይደለም። ሰውነትህ አልኮሉን ለመቋቋም ራሱን ለውጧል ማለት ነው፤ ይሄ ከሱስ ምልክቶች አንዱ ነው። ጋሼ ሁለቱም ነበሩበት። በተፈጥሮው ይችላል፤ በዚያ ላይ ይለማመድ ነበር።

ግማሽ ሲባል የምን ግማሽ?

«በአባቱ ነው የወጣው» የሚለው አነጋገር አንድ ደካማ ጎን አለው። የሰካራም ልጅ ከአባቱ ዘረመል ብቻ አይደለም የሚወርሰው። ቤቱንም፣ ጠርሙሱንም፣ ጩኸቱንም ይወርሳል። የትኛው ነው ያጠጣው?

ይሄን ለመለየት ዶናልድ ጉድዊን የሚባል አሜሪካዊ ሃኪም ከባልደረቦቹ ጋር ዴንማርክ ሄደ። እዚያ የጉዲፈቻ መዝገብ በደንብ ይያዛል። በተወለዱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከወላጆቻቸው ተለይተው ሌላ ቤት ያደጉ ወንዶችን ፈለጉ። ወላጃቸው ሱሰኛ ከነበረ 55 ወንዶች ውስጥ 10ሩ ሱሰኛ ሆነዋል። ወላጃቸው ሱሰኛ ካልነበረ 78 ውስጥ ደግሞ 4ቱ። በመቶኛ 18 እና 5 መሆኑ ነው። አባታቸውን አያውቁትም፤ ጠርሙሱንም አላዩትም። ግን የሆነ ነገር ተከትሏቸዋል። ይሄ በ1973 ሲታተም ትልቅ ወሬ ሆነ።

ሰው የሚያልፈው ሌላ ነገር ግን እዚያው ቁጥር ውስጥ አለ። ከ55ቱ 45ቱ ሱሰኛ አልሆኑም።

ከዚያ ወዲህ መንትዮች ላይ ብዙ ተሰርቷል። ቁርጥ አንድ የሆኑ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ነው። የማይመሳሰሉት ደግሞ እንደማንኛውም ወንድማማች ግማሹን ይጋራሉ። ሁለቱም ጥንዶች አንድ ቤት ነው ያደጉት። አንደኛው ሱሰኛ ሲሆን ሌላው የመሆን እድሉ ቁርጥ አንድ በሆኑት ላይ ከፍ ካለ ልዩነቱን ያመጣው ዘረመሉ ነው። እነዚህ ሁሉ ጥናቶች በ2015 ተጠቃለው ሲታዩ ለአልኮል ሱስ የመጋለጥ ልዩነት ግማሽ ገደማው፣ 49 በመቶ፣ ከዘረመል ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ።

ይሄ ግማሽ በጣም በተሳሳተ መንገድ ነው የሚነገረው። «ከአራት ብርጭቆህ ሁለቱ የአባትህ ነው» ማለት አይደለም። «የሱሰኛ ልጅ ሃምሳ በመቶ ይሰክራል» ማለትም አይደለም። በአንድ ህዝብ ውስጥ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጥ መልስ ነው። ህዝቡ ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። መጠጥ ደጃፉ በማይደርስበት ቤት ያደገና ያንኑ ይዞ የኖረ ሙስሊም ጎረቤቴ ምናልባት ከጋሼ የባሰ ተጋላጭ ዘረመል ይዞ ይሆናል። ሳያውቀው ይኖራል፣ ሳያውቀው ይሞታል። እሱ ላይ ዘረመሉ የሚናገርበት መድረክ አላገኘም።

ይሄ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ1999 የታተመ የሆላንድ መንትዮች ጥናት ሃይማኖተኛ ቤት ያላደጉና ያደጉ ወጣቶችን አነጻጽሮ ነበር። መጠጥ መጀመር አለመጀመራቸው ላይ፣ በተለይ በሴቶቹ፣ ዘረመል ጉልህ ድርሻ የነበረው ሃይማኖተኛ ቤት ባላደጉት ላይ ነው። ሃይማኖተኛ ቤት ባደጉት ላይ ድርሻው ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ እድሜን ጨመሩበት። በጉርምስና መጀመሪያ ላይ አንድ ልጅ ይጠጣል አይጠጣም የሚለውን የሚወስነው ይበልጥ ጓደኛና ቤት ነው። የዘረመሉ ድምጽ የሚጎላው ሃያዎቹ ውስጥ ሲገባ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) አገራችን ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ስትከለክል ብዙዎቻችን ስቀን ነበር። በየግሮሰሪው ማን መታወቂያ ያያል? ሃሳቡ ግን ሞኝነት አልነበረም።

«የሰካራም ዘረመል» ያልተገኘው ለምንድን ነው?

በ1990 በአሜሪካ አንድ ዜና ጋዜጣ ሁሉ አጥለቀለቀ። የአልኮል ሱስ ዘረመል ተገኘ! ኬኔት ብሉም፣ ኧርነስት ኖብልና ባልደረቦቻቸው የ70 ሟቾችን አንጎል መርምረው ነበር፤ ግማሾቹ ሱሰኛ የነበሩ ናቸው። ዶፓሚን ከሚባለው የደስታ መልእክተኛ ጋር የሚሰራ አንድ ዘረመል ላይ ልዩነት አየን አሉ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሲደግሙት ግን አንዳንዱ አገኘው፣ ብዙው አላገኘውም። 70 ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በጣም ትንሽ ነው።

አሁን የሚሰራው በሌላ ሚዛን ነው። በ2023 የወጣ ጥናት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ዘረመል አነጻጽሮ ችግር ከሚያመጣ አጠጣጥ ጋር የተያያዙ 110 የዘረመል ቦታዎችን አገኘ። እያንዳንዱ ቦታ የሚጨምረው እንደ አንዲት ፍሬ ጤፍ ነው። ብቻውን ምንም አይመዝንም፤ ሲሰበሰብ ነው እንጀራ የሚሆነው። ከሁሉ ጎልቶ የሚወጣው ታዲያ አዲስ ነገር አይደለም። ያው ቅድም ያየነው፣ ጉበት ውስጥ ያለው አውራጅ ነው።

ከአዲሶቹ ውስጥ እኔ የምወደው አንድ አለ፤ በ2016 ከ105 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ነው የወጣው። ጉበት አልኮል ሲበዛበት አንድ ሆርሞን ወደ አንጎል ይልካል። መልእክቱ ባጭሩ «በቃህ» ነው። መልእክቱን አንጎል ላይ የሚቀበለው በር የሚሰራው ክሎቶ ቤታ በሚባል ዘረመል ነው። ይሄ በር አንጎላቸው ላይ እንዲጠፋ የተደረጉ አይጦች ከውሃው ይልቅ አልኮሉን ያበዙ ጀመር። ጉበት ይልካል፣ ተቀባይ ግን የለም።

ሌሎቹ ቦታዎች ብዙዎቹ መጠጥን በስሙ የሚያውቁት አይደሉም። ከችኮላ፣ ከድብርት፣ ከሲጋራ፣ ተረጋግቶ መቀመጥ ከማቃት ጋር የሚጋሩ ናቸው። ሌላም የገረመኝ አለ። በ2019 274 ሺህ ገደማ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተሰራ ጥናት ብዙ የሚያስጠጣው ዘረመልና ሱስ ውስጥ የሚከተው ዘረመል በከፊል ብቻ እንደሚገናኙ አሳየ። በየቀኑ ከእራት ጋር አንድ ብርጭቆ ወይን የሚጠጣው ሰው ዝንባሌና፣ አንዴ ከጀመረ ማቆም የሚያቅተው ሰው ዝንባሌ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ከአእምሮ ጭንቀት ጋር ይበልጥ ይቆራኛል።

«ታዲያ ልመርመር?» ለሚል ሰው፣ ውጭ አገር ያላችሁ በተለይ፣ በምራቅ ተጋላጭነት እናሰላለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ይደርሷችኋል። ገንዘባችሁን ያዙ። እነዚህ ስሌቶች በአንድ ሰው ላይ የሚናገሩት በጣም ትንሽ ነው። በዚያ ላይ የተሰሩት በአብዛኛው ከአውሮፓውያን በተሰበሰበ መረጃ ነው፤ ለሀበሻ ሲሆኑ ይባስ ይሳሳታሉ።

ነጻ የሆነና የተሻለ ምርመራ አለ። እናትህን መጠየቅ። እኛ ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን። የማን ልጅ፣ የማን ልጅ፣ እየተባለ እስከ ቅድመ አያት ይወጣል። በዚያ ሁሉ ቆጠራ ውስጥ «ማነው መጠጥ የጣለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። ወላጁ ወይም ወንድሙ የአልኮል ሱሰኛ የሆነ ሰው ተጋላጭነቱ ከሌላው በ3 እና በ4 እጥፍ ገደማ ከፍ ይላል ይባላል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል። ገና ልማድ ሳይገባህ፣ መጀመሪያ መጠጣት ስትጀምር፣ ስንት ነበር የሚያስፈልግህ? መልሱ «ብዙ» ከሆነ፣ በዚያ ላይ ቤተሰብህ ውስጥ ካለ፣ የሹኪትን 56 በመቶ አስታውስ።

ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ካልቀመሰ የማይነቃ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሱን «በቃ፣ ከዛሬ ጀምረህ ተው» ብሎ ቤት መዝጋት አደገኛ ነው። ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም የሚጥል መንቀጥቀጥና ቅዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። ሃኪም ጋ ይሂድ። አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታልን ለእብደት ብቻ የሚሄዱበት ቦታ አድርጎ አይቁጠረው፤ ሱስም ያክማል።

ጋሼ ሃኪም ጋ የሄደው ሆዱ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ነበር። ሰክሮ ያየው ሰው የለም።

ሹኪት በኋላ ላይ ቻይ የሆኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለብቻ ማስተማር ሞክሮ ነበር። የምትችሉት ስለጎበዛችሁ አይደለም፣ ደወላችሁ ስለማይደውል ነው፣ ብሎ። እነሱ ላይ ከተለመደው የጤና ትምህርት ይልቅ ይሄኛው የተሻለ ሰራ። ከዚያ የወሰድኩት ዘዴ በጣም ተራ ነው። ስሜቴን አልጠይቀውም፤ እቆጥራለሁ። ለያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ ቆርኪ ኪሴ ውስጥ እጨምራለሁ። ሁለት ሲሞላ አምቦ ውሃ አዛለሁ።

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ አንድ የጋሼ የድሮ ጓደኛ አጠገቤ ተቀመጡ። ሶስተኛውን ሊያስከፍቱልኝ አስተናጋጁን ጠሩት።

«በሞቴ፣ ያዝ እንጂ! የሱ የእህት ልጅ አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ አባቴ» አልኳቸው። ኪሴ ውስጥ ሁለቱን ቆርኪዎች እያንሿሿሁ አምቦዬን ቀዳሁ።